ግሸን ደብረ ከርቤ፦ መስቀል በመስቀለኛው አምባ

የደመራው ችቦ ተለኩሶ፣ አደይ አበባ ሜዳውንና ጋራውን ካለበሰው በኋላ የብዙ ምእመናን ልቡና ወደ ወሎ ምድር ያቀናል። መስከረም 21 ቀን በየዓመቱ በታላቅ ድምቀት የሚከበረው የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም ንግሥ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ምእመን በአንድ አምባ ላይ የሚያሰባስብ በዓል ነው። እኛም ከዓመታት በአንዱ፣ ስለት ከተሳሉትና በረከት ከናፈቁት ጋር ተሰልፈን ይህንን ታላቅ ደብር ለመሳለም በቅተናል። ያየነውንና የተማርነውን ለአንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ጉዞው

ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ ኮምቦልቻ ሲደርስ ተሳፋሪው ለጥቂት ጊዜ ዕረፍት አደረገ። በዚያች ከተማ የሥጋ ወንድማችን ይኖራል። የአባታችንን ቤት በመካፈል ምክንያት ከተቀያየምን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበርና ደጁን ሳንረግጥ አለፍን። ይህን የምንጽፈው ገመናን ለማውጣት ሳይሆን፣ ኋላ ለምንናገረው ነገር መነሻ ስለሆነ ነው።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ በተንጣለለችው ደሴ አደርን። በማግሥቱ በማለዳ ጉዟችንን ቀጥለን ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ሐይቅን አለፍን። ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ብዙ መነኮሳትን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ጥንታዊ ገዳም ነው። ወደዚህ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ ወደ ግሸን ግን አረጋዊት እናት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ያዘለች ወይዘሮ ሁሉ ይወጣሉ። የእመቤታችን ደጅ ለሁሉም ክፍት ነውና።

በመንገዱ ዳር ዳር የአምባሰል አርሶ አደሮች ለተጓዡ ውኃ ይዘው ቆመው ነበር። ከእነርሱም አንድ ሙስሊም አዛውንት ዳገቱ ያደከማቸውን እናቶች «አብሽሩ እናቶቼ፣ ደርሳችኋል» እያሉ ሲያበረታቱ ሰማን። በወሎ አንዱ የሌላውን በዓል እንደራሱ ማክበሩ የቆየ ልማድ ነው።

ግማደ መስቀሉ

በግሸን የሚገኘው መጽሐፈ ጤፉት የተሰኘው መጽሐፍ የግማደ መስቀሉን አመጣጥ ይተርካል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መሠረት፣ በግብፅ የሚኖሩ ክርስቲያኖች መከራ በጸናባቸው ጊዜ ዐፄ ዳዊት ረድተዋቸዋል። ለውለታቸው ወርቅና ብር ቢቀርብላቸው ንጉሡ ያንን አልፈለጉም፤ የለመኑት ጌታችን የተሰቀለበትን ዕፀ መስቀል ነበር። ግማዱን ተቀብለው ሲመለሱ ግን በስናር ዐረፉ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መስቀሉን በመስቀለኛ ስፍራ ላይ እንዲያኖሩ በራእይ ታዘው፣ ቦታውን ለብዙ ጊዜ ሲፈልጉ ከቆዩ በኋላ፣ መልክዐ ምድሩ የመስቀል ቅርጽ ባለው በግሸን አምባ አስቀመጡት። ይህም የሆነው መስከረም 21 ቀን ነው።

ግማደ መስቀሉ በእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን ሥር በጥልቅ ተቀብሮ እንደሚገኝ ይታመናል። በዓይን የሚያየው ሰው የለም። ምእመኑ በአምባው ላይ ቆሞ የሚሰግደው አይቶ ሳይሆን አምኖ ነው።

የነገሥታቱ ልጆች አምባ

አምባው ሌላም ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን ለዙፋን የሚታሰቡ የነገሥታት ወንዶች ልጆች፣ በንጉሡ ላይ እንዳይነሡ በዚህ ገደላማ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ልማድ ጽፎታል። ወሬው በአውሮፓ ተሰራጭቶ፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ላሳተመው «ራሴላስ» ለተሰኘው ልብ ወለድ መነሻ ሆኗል። ልማዱ በግሸን የቀረው በ1540 እ.ኤ.አ. ገደማ አምባው በኢማም አሕመድ ጦር ከተያዘ በኋላ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ከመንገሣቸው በፊት በዚሁ አምባ ታስረው የኖሩ ናቸው። ወንድም ወንድሙን ፈርቶ በዘጋበት ተራራ ላይ፣ ያ እስረኛ ሲነግሥ የዕርቅ ምልክት የሆነውን መስቀል አኖረበት። የአምባው ትልቁ ስብከት ይህ ይመስለናል።

በአምባው ላይ

ወደ አምባው የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው። በገደሉ ዳር በተጠማዘዘው መንገድ ጥላ፣ ጧፍና ዕጣን የያዘው ሕዝብ እየዘመረ ይወጣል። ሌሊቱ ብርድ ነው። ነገር ግን በነጭ ነጠላ ከተሸፈነው ሕዝብ መካከል የከበሮውና የጸናጽሉ ድምፅ ሲሰማ ድካሙ ይረሳል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደርሶ ብዙ ቤተሰብ ሐዘን ላይ እንደወደቀ ይታወሳል። ከአጠገባችን የቆሙ አንዲት እናትም በዚያን ጊዜ ያጡትን ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ ሲያለቅሱ አደሩ።

ሊነጋጋ ሲል አንድ አረጋዊ ካህን በአጠገባቸው ለተሰበሰብነው ምክር ሰጡ። «ልጆቼ፣ ከግሸን በረከት ይዞ መውረድ የሚፈልግ፣ ያስቀየመውን ሰው ስም አሁን በልቡ ያንሣ» አሉ። የወንድማችን ስም መጣብን። በመሠዊያው ፊት መባ ከማቅረብ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚገባ ጌታችን ማስተማሩን በመንፈሳዊ ኮሌጅ ተምረናል፤ ለሌሎችም ስንሰብከው ኖረናል። ራሳችን ግን ደጁን አልፈን ነበር የመጣነው።

ከአምባው ስንወርድ

በመልስ ጉዞ ኮምቦልቻ ላይ ከአውቶቡሱ ወረድን። በአንድ እጃችን የጸበሉን ጠርሙስ ይዘን፣ ሦስት ዓመት ያልረገጥነውን በር አንኳኳን። ወንድማችን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየን። ከዚያም «ከግሸን ነው የምትመጣው?» አለና፣ ጸበሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ተሳለመው፤ ልጆቹንም ጠርቶ አስቀመሳቸው። የቤቱ ጉዳይ በዚያ ቀን አልተፈታም፤ በሽማግሌ ይታይ ተባብለን ተለያየን። ሰላምታችን ግን ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም።

ወደ ግሸን ለመሄድ አቅም ያነሳቸው፣ ዕድሜ ወይም ሕመም የከለከላቸው ብዙዎች ናቸው። ለእነርሱም ቢሆን መስከረም 21 ቀን በየቤታቸው የሚወጡት ዳገት አለ፤ እርሱም እስከ ተቀያየሙት ሰው ደጅ ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። የመስቀሉ ኃይል፣ የእመቤታችን አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን።