ተጨማሪ መረጃ፦ ቴርሞስታቱ ስንት ላይ ይሁን?

ቴርሞስታት የክፍሉን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ብናደርገው፣ ክፍሉ ከዚያ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያው ይነሳል፤ ሙቀቱ ሲደርስ ይጠፋል። ከውጭ በርዶን ገብተን 30 ላይ ብናደርገውስ? የተለመደው ማሞቂያ የሚሠራው ሁልጊዜ በተመሳሳይ የኃይል መጠን ስለሆነ ቤቱ ቶሎ አይሞቅም፤ ትርፉ ከልክ በላይ መሞቅ ነው።

የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር በብርድ ወራት ቤት ውስጥ ነቅተን ሳለን 20 ዲግሪ (68 ዲግሪ ፋራናይት) ገደማ እንዲሆን፣ ስንተኛ ወይም ስንወጣ ደግሞ ዝቅ እንዲል ይመክራል። በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ሲጠብ በግድግዳና በመስኮት የሚያመልጠው ሙቀት ይቀንሳል፤ ወጪውም አብሮ ይቀንሳል።

ቅነሳው ግን ልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በቀዝቃዛ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን መክሯል፤ ለአረጋውያን፣ ለሕፃናትና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ከዚያም ከፍ ማለት ሊያስፈልግ ይችላል።

አስሉ፦ ውጭው 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳለ ቤቱን ከ20 ወደ 18 ዲግሪ ብንቀንስ የሙቀት ልዩነቱ በስንት በመቶ ይቀንሳል?