ጨርጨር፦ ገዢና ተገዢ ምን ተወራረሱ?

የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ጦር የኢቱ ኦሮሞን አገር ጨርጨርን አስገብሮ፣ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ነሳ። ከዘመቻው በኋላ ነፍጠኞች በአገሩ ሰፈሩ፤ አራሹም ገባር ሆነላቸው። የዛሬዎቹን የጨርጨር ከተሞች፣ የጭሮን፣ የሒርናን፣ የገለምሶንና የበዴሳን ኑሮ ለመረዳት ከዚያ ወዲህ ማን ከማን ምን እንደወሰደ ማየት ይጠቅማል።

ከሰፋሪው ምን መጣ?

ሰፋሪው የአማርኛ ችሎት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሹመት ማዕረግና የአስተዳደር ከተማ ይዞ መጣ። የጨርጨር የቀድሞ መቀመጫ ቁኒ ነበረች። በራስ ተፈሪ ዘመን ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን ተመርጦ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተሾሙበት፤ የዛሬዋ ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ያኔ ተቆረቆረች። በሚኤሶ የሚያልፈው ባቡርም የአካባቢውን ቡና ከጅቡቲ ወደብ ጋር አገናኘው።

ከአገሬው ምን ተወሰደ?

ጨርጨር የሚገኝበት የሐረርጌ ሙስሊም ከቡናው ፍሬ ሌላ ገለባውንና ቅጠሉንም እያፈላ ሲጠጣ፣ የሰሜኑ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር። ቡና አብቃይ አገሮች በምኒልክ ግዛት ሥር ሲገቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ሲጠጡና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ሲያለዝቡ ክልከላው ላላ። ዛሬ ጀበና ያልተጣደበት የክርስቲያን በዓል ማግኘት ያስቸግራል። ጫትም እንዲሁ የሃይማኖት ድንበር ተሻግሯል። የሰፋሪው ልጅ ገበያ ውሎ ኦሮምኛ ለመደ፤ የኦሮሞው ጉዲፈቻም የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ አካል ሆኗል።

ሌላው ዓለምስ?

ተመሳሳይ መወራረስ በአሜሪካ አህጉርም ታይቷል። ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1521 በዚያ የነበሩትን የአዝቴኮችን ከተማ ቴኖችቲትላንን ያዙ። ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን ጫኑ፤ ፈረስና ስንዴ አስገቡ። እነሱ ግን በተራቸው የአገሬውን ካካዋ መጠጣት ለመዱ፤ ከካካዋው የሚሠራው ቸኮላታም እስከ ስፔን መኳንንት ቤት ዘለቀ። በቆሎና በርበሬ ከዚያው አህጉር ተነሥተው ዓለምን አዳርሰዋል፤ የጨርጨር ገበሬ ዛሬ ከማሽላው ጋር በቆሎ ያበቅላል። ሁለቱን ታሪኮች የሚለያቸው ትልቅ ነገርም አለ፦ ከባሕር ማዶ የመጣው ፈንጣጣና ሌላው በሽታ የአሜሪካን ነባር ሕዝብ በብዛት ፈጅቷል።

መወራረስ እኩልነት ነው?

አይደለም። ሰፋሪው ቡናን ወዶ ጠጣ፤ ገባሩ ግን ግብሩን ወዶ አልከፈለም። በቋንቋው የሚሟገትበት ችሎትም አልነበረውም። ገባርነቱ መልኩን ለውጦ በጭሰኝነት ቀጠለ፤ ያበቃውም በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ነው። አፋን ኦሮሞ የትምህርት ቤትና የቢሮ ቋንቋ የሆነው ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው።

ስለዚህ መወራረሱን ብቻ የሚያወራ ግፉን ይሸፍናል፤ ግፉን ብቻ የሚያወራ ደግሞ ተገዢው ገዢውን ምን ያህል እንደለወጠው ይዘነጋል። የጭሮ ልጆች ሁለቱንም አንድ ላይ ሊማሩ ይገባቸዋል።