ብርቅ ካሴት፣ የቆየ ናፍቆት

የመድረክ ጨዋታ የሚባለው ገጸ ባሕሪው እየሮጠና እየዘለለ መሰናክል የሚያልፍበት የቪዲዮ ጌም ዓይነት ሲሆን፣ በቴሌቪዥን ከታወቁ ካርቱኖች የተወሰዱ በርካታ ጨዋታዎችም በዚሁ ስልት ተሠርተዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 መታየት በጀመረው «ፍሊንትስቶንስ» ካርቱን ላይ ተመሥርቶ ኔንቴንዶ ለተባለው የቪዲዮ ጌም መሣሪያ ያዘጋጀውና በ1994 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው ሁለተኛው ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ የካርቱኑን ገጸ ባሕሪያት ፍሬድንና ባርኒን በፈለገ ጊዜ እየቀያየረ በድንጋይ ዘመን ዓለም ውስጥ የሚጓዝበት ይህ ሥራ የወጣው ሱፐር ኔንቴንዶ የተባለው አዲስ መሣሪያ ገበያውን ከያዘ በኋላ ስለነበር፣ ካሴቱ ማለትም ጨዋታው የተጫነበት ተነቃይ ዕቃ ብርቅ ሆኖ ቀርቷል፤ ሰብሳቢዎች ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሻሙበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለእንዲህ ያለ አሮጌ ጨዋታ የሚያድር ናፍቆት ግን ከጨዋታው ጥራት ይልቅ አብረው የተጫወቱትን ሰዎች የሚያስታውስ ይመስላል፤ ዋጋ ደግሞ ትዝታን አይለካም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገጠር ለሚያድግ ልጅ የዚህ ጨዋታ አቻ መሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ጠጠር እየተዘራ የሚካሄደው ገበጣ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ካሴትም ሆነ መብራት አይሻም። በአዲስ አበባ ደግሞ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሳየውን «ኩኩሉ» የተሰኘ የሩጫ ጨዋታ ለሞባይል ስልክ ሠርቷል፤ የዛሬ ልጆች ነገ የሚናፍቁት ይህንን ጨዋታ ይሆን?