ትንኟን ማን ቀድሞ ከሰሳት?

«ሆስፒታል እስኪመጣ ድረስ በጅግጅጋ ሜዳ ስለ በሽታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም» የሚሉ አሉ። ስህተት ነው።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነስቶ፣ ያኔ ማራር ይባል የነበረውን ይህንኑ ሜዳ አቋርጦ በጥር 1855 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሐረር ገባ። በዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሶማሌዎች የትንኝ ንክሻ ገዳይ ትኩሳት ያመጣል እንደሚሉ መዝግቧል። እሱ ግን አላመናቸውም፤ ትንኝና ትኩሳት በአንድ ወቅት ስለሚበዙ የመጣ አጉል እምነት ነው ብሎ አለፈው። ሮናልድ ሮስ የወባን ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 ነው። አርብቶ አደሩ ተረት አውሪ ተብሎ 41 ዓመት ቆየ፤ ይህ ሊነገርለት የሚገባ እውቀት ነው።

ይህ ማለት ግን የድሮ አዋቂ ያደረገው ሁሉ ፈውስ ነው ማለት አይደለም። የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው በጋለ ብረት መተኮስ ጉበቱን አያድነውም፤ ቁስል ብቻ ይጨምርበታል። ወጌሻም እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ ማሰሪያው ከጠበቀ ግን ደም መዘዋወሩን ያቆምና እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። የታሰረው ሰው ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን ወዲያው አላልቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

«ፈንጣጣን ያጠፋው ሆስፒታል ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። በኢትዮጵያ ከ1971 ጀምሮ መንደር ለመንደር እየዞሩ በሽተኛ የፈለጉና በዙሪያው ያለውን ሰው የከተቡ ሠራተኞች ናቸው ያጠፉት። የመጨረሻው የአገራችን ሕመምተኛ በነሐሴ 1976 በኦጋዴን፣ ዲሞ በተባለች መንደር ተገኘ። በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው፣ አሊ ማው ማሊን፣ በ1977 ሶማሊያ መርካ ላይ ታመመ፤ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነበር። ድኖ በኋላ ለፖሊዮ ክትባት ሲያገለግል በ2013 ሞተ። የገደለው ወባ ነው።

«ወባ የገጠር በሽታ ነው» ማለትም ዛሬ አይሠራም። ከተማ የሚወድ፣ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የሚባል የወባ ትንኝ በ2016 በቀብሪደሃር ተገኝቷል፤ ከዚያም ጅግጅጋና ድሬዳዋን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ታይቷል። የሚራባው በበርሜል፣ በሮቶና በብርካ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። እንግዲህ ውሃችሁን ክደኑ፤ ትኩሳት ሲጀምራችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ ደማችሁን አስመርምሩ።