ቫዮሊኑ ውስጥ «ስትራዲቫሪየስ» የሚል ወረቀት ካገኛችሁ

አባቴ ከሰባት ዓመት በፊት እዚሁ ፎልስ ቸርች ከአንድ ያርድ ሴል ላይ በ40 ዶላር ቫዮሊን ገዝቶ መጣ። ሁለቱ ክሮቹ ተበጥሰዋል፤ ቀለሙ መሐሉ ላይ ወርቃማ ሆኖ ወደ ዳር ሲሄድ እንደ ተቆላ ቡና ይጠቁራል። ውስጡ ደግሞ በላቲን «አንቶኒየስ ስትራዲቫሪየስ፣ ክሬሞና» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አባቴ ለማንም ሳይናገር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ባለፈው ኦገስት የትምህርት ክፍያዬ ነገር ሲነሳ ግን አውጥቶ «በይ ይኼን ሸጠሽ ክፈዪ» አለኝ።

እንዲህ ያለ ዕቃ በየቤታችን ሊገኝ ስለሚችል ያወቅሁትን ላካፍላችሁ።

እኔም እንደማንኛውም ሰው የጀመርኩት ከወረቀቱ ነው። ስትራዲቫሪ ጣሊያን ክሬሞና ውስጥ በ1737 እ.ኤ.አ. የሞተ ሠሪ ነው። ከሥራዎቹ እስከ ዛሬ የተረፉት 650 ገደማ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የት እንዳሉ በባለሙያዎች ዘንድ ይታወቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያም በኋላ ግን የጀርመን፣ የቦሄሚያና የፈረንሳይ ፋብሪካዎች በእሱ ቅርጽ በሠሩት ርካሽ ቫዮሊን ሁሉ ላይ ስሙን ይለጥፉ ነበር። ሁልጊዜ ለማታለል ብለው አይደለም፤ «በስትራዲቫሪ ሞዴል የተሠራ» ለማለት ነው። ያኔ ገዢው ይህን ያውቃል። ከሰገነት ላይ የሚያገኙት የልጅ ልጆች ናቸው የማያውቁት።

ያም ሆኖ ወረቀቱን አትናቁት። የማኪንሊ የታሪፍ ሕግ በ1890 ከወጣ በኋላ፣ ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር ስም እንዲጻፍበት ግዴታ ሆነ። የስልኬን መብራት በ«ኤፍ» ቅርጹ ቀዳዳ አስገብቼ ሳይ፣ ከላቲኑ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «በጀርመን የተሠራ» ይላል። «ቼኮስሎቫኪያ» ቢል ኖሮ ደግሞ ከ1918 በፊት ሊሆን አይችልም፤ አገሪቱ የተመሠረተችው ያኔ ነውና። የአገር ስም አለመኖሩ ግን ዕድሜ አያረጋግጥም፤ ሌላ አገር የተሸጠ ወይም ወረቀቱ የተቀየረ ሊሆን ይችላል።

አባቴ አልተቀበለኝም። «ወረቀቱን ኋላ ለጥፈውት ቢሆንስ? ማርጀቱን አታዪም?» አለ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የድሮ ቫዮሊኖች ወረቀት በእርግጥ ይቀያየራል። ስለዚህ እርጅናውን ራሱን መመርመር ነበረብኝ።

የማሲንቆ እጀታ የት እንደሚያብረቀርቅ አስቡት፦ የአዝማሪው ጣቶች በሚመላለሱበት ቦታ ብቻ ነው። ቫዮሊንም እንደዚያው ነው። ቫርኒሹ የሚለቀው አገጭ በሚያርፍበት፣ ግራ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ በሚነካው ትከሻ፣ ጀርባው ከሰው አካል ጋር በሚተሻሽበት ቦታ ነው። የኛው ግን ከፊትም ከኋላም፣ ከግራም ከቀኝም እኩል ነው የነጣው። ጭረቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም ሞልቷቸዋል፤ ማንም እጁን በማያሳርፍበት ቦታ ሳይቀር። ቸርችል ጎዳና ለቱሪስት በጭስ የጠቆረ አዲስ ሥዕል እንደ ጥንታዊ ሲቀርብ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

ያስደነቀኝ አንገቱ ነው። በጥንት ዘመን የተሠሩ ቫዮሊኖች አንገት በኋላ ዘመን በረጅም ተተክቷል፤ ጥቅልል የሆነው የመጀመሪያው ራስ ግን በአዲሱ አንገት ላይ ተቀጥሏል። ስለዚህ መቃኛዎቹ አጠገብ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል። የኛውም መስመር አለው! ልቤ ዘለለ። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን የእንጨቱ ሥር ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሁለት እንጨት ቢሆን አይገጥምም ነበር። መስመሩ በስለት የተጫረ ነው።

በጥርስ ሐኪም ዓይነት ትንሽ መስታወት ውስጡን ሳይ፣ ባስ ባር የሚሉት ርዝመታዊ እንጨት ተለይቶ የተለጠፈ ሳይሆን ከፊተኛው ሳንቃ ጋር አብሮ የተጠረበ ሆነ፤ ማዕዘኖቹም ውስጥ ደጋፊ እንጨት የለም። ይህ ሁሉ ወደ ሳክሶኒ፣ ወደ ማርክኖይኪርሽንና አካባቢዋ ይጠቁማል። እዚያ አንዱ ቤተሰብ ራሱን፣ ሌላው አካሉን እየሠራ ነጋዴው ይሰበስበው ነበር። ወደ አሜሪካ የሚላከው ከመብዛቱ የተነሳ በዚያች ትንሽ ከተማ የአሜሪካ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ተከፍቶ ነበር። ስለዚህ «ሠሪው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም መልስ አይሆንም፤ ብዙ እጅ አለበት።

ማስረጀት በራሱ ነውር አለመሆኑንም ልጨምር። የፓሪሱ ቪዮም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስመስሎ የሠራቸው ዛሬ በራሳቸው ስም ውድ ናቸው። እውነተኛ ስትራዲቫሪ የሚያምራችሁ ደግሞ ከኢስት ፎልስ ቸርች ባቡር ተሳፍራችሁ ካፒቶል ሳውዝ ውረዱ። ገርትሩድ ክላርክ ዊታል በ1930ዎቹ የሰጠቻቸው አምስት የስትራዲቫሪ መሣሪያዎች እዚያው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ የሰጠችውም ኮንሰርት እንዲቀርብባቸው ብላ ነው።

በመጨረሻ አንድ ቫዮሊን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ምክሬ ይኼ ነው፦ የጽሑፍ ግምት ከመክፈላችሁ በፊት በቃል ብቻ እንዲያያችሁ ጠይቁ፤ የሚገምተውና የሚገዛው ሰውም አንድ አይሁን። ሰውየው ገልብጦ አየውና ከጠበቅሁት የተለየ ነገር አላለኝም። የተስተካከለ እንደሆነ ጥቂት መቶ ዶላር ያወጣል።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ቫዮሊኑን ተቀብሎ ጥቂት ዝም አለና ያንን የውሸት መስመር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ጎበዝ ናቸው» አለ። ቀጥሎም «ለመሆኑ ክሩ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።