የቫራናሲ ደረጃዎች

ስለ ቫራናሲ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ እሳቱ ይሄዳል። በጋንጅስ ወንዝ ዳር አስከሬን የሚቃጠልባት ከተማ ናት ይባልና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህ በጣም ያናድደኛል። ከከተማዋ ወደ ወንዙ የሚወርዱት፣ ህንዶች ጋት የሚሏቸው የድንጋይ ደረጃዎች ከ80 በላይ ናቸው፤ አስከሬን የሚቃጠለው በሁለቱ ብቻ ነው፣ በማኒካርኒካና በሃሪሽቻንድራ። በቀሩት ላይ ሰው ይታጠባል፣ ይጸልያል፣ ጸጉሩን ይላጫል፣ ልብስ ያሰጣል፣ ልጆችም ክሪኬት ይጫወታሉ።

ቫራናሲ በሰሜን ህንድ የምትገኝ፣ ባናራስም ካሺም የምትባል፣ ሂንዱዎች የአምላካቸው የሺቫ ከተማ የሚሏት ጥንታዊት ስፍራ ናት። ዋናው ቤተ መቅደስ ካሺ ቪሽዋናት ነው፤ የዛሬውን ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1780 ያሠሩት የኢንዶር ገዢ አሂልያባይ ሆልካር ናቸው። የሐር ሽመናዋም ዝነኛ ነው።

ለእኔ ግን የከተማዋ ታላቅ ሥራ ደረጃዎቹ ናቸው። ጋንጅስ በጠቅላላው ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ወንዝ ሲሆን እዚህ ቦታ ላይ ታጥፎ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ምዕራባዊው ዳር ከፍ ያለና ጠንካራ አፈር ነው፤ ምሥራቃዊው ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚውጠው ሜዳማ አሸዋ ነው። ስለዚህ የጥንቷ ከተማ በአንድ ዳር ብቻ ተደርድራ፣ ባዶውን አሸዋ ተሻግራ ከፀሐይ መውጫ ጋር ትፋጠጣለች።

ዝናቡ እንደ እኛው ሰኔ ላይ ይገባል። በነሐሴ ወንዙ ከግንቦቱ መጠን ከ10 ሜትር በላይ ከፍ ሊል ይችላል። በእንዲህ ያለ ወንዝ ዳር አንድ መድረክ ቢሠራ በበጋ ውሃው ርቆት ይወርዳል፣ በክረምት ደግሞ ይሰምጣል። ደረጃ ሲሆን ግን ውሃው የትም ላይ ቢቆም ከጫፉ የሚያደርስ እርከን አለ። በግንቦት ታች ወርዶ የሚጠመቅ ተሳላሚ በነሐሴ ከግንቡ አናት አጠገብ ይጠመቃል። ከደረጃዎቹ በላይ ያሉትን ቤተ መንግሥቶችም ልብ ብለው ይመልከቱ፦ የታችኛው ግንባቸው መስኮት የሌለው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ መኖሪያው የሚጀምረው ጎርፉ ከማይደርስበት ነው።

ድንጋዩ ከወንዙ ሽቅብ ካለችው ከቹናር የተፈለጠ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ዛሬ የህንድ መንግሥት ዓርማ የሆኑት፣ በቅርቧ ሳርናት የተገኙት የንጉሥ አሾካ አንበሶችም ከዚሁ ድንጋይ የተቀረጹ ናቸው።

ጎርፉ ሲሸሽ ደረጃዎቹን የሚሸፍን ወፍራም ደለል ትቶ ይሄዳል። ሠራተኞች ከወንዙ በፓምፕ ውሃ እየሳቡ፣ በጎማ ቱቦ እየረጩ ጭቃውን ወደ መጣበት ይመልሱታል። አንድ ጠዋት አንዱን ደረጃ ሲያጥቡ ቆሜ አየሁ፤ ከጭቃው ስር እርከን በእርከን ሲወጣ ማየት ከማንኛውም የምሽት ሥነ ሥርዓት ይበልጥብኛል። ይህ ድካም ባይኖር ኖሮ በኅዳር ገደማ፣ በሂንዱዎች የካርቲክ ወር ሙሉ ጨረቃ በየእርከኑ የሚበራው የዘይት መብራት ማረፊያ አያገኝም ነበር።

ብዙ ጎብኚ ግን አመሻሽ ላይ ይደርሳል፣ በዳሻሽዋሜድ ጋት የሚደረገውን የመብራት ጸሎት ከጀልባ ላይ ያያል፣ በማኒካርኒካ በኩል ሲያልፍ ካሜራውን ወደ ሬሳው ያነሳል፣ በማግስቱም ይሄዳል። ይህ ነውር ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ አልቃሾቹን ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ በእኛም አገር አይወደድም። አንድ ሐዘንተኛ እጁን ዘርግቶ ሌንሱን ሲከልል አይቻለሁ፤ ጎብኚው ግን በእጁ ጎን ዞሮ ማንሳቱን ቀጠለ።

ከዚያ ይልቅ ከአሲ ጋት ተነስተው ወደ ሰሜን በእግር ይሂዱ። ማን ማንዲር ጋት ሲደርሱ ከደረጃው በላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት ጣሪያ ይውጡ፦ የጃይፑር ንጉሥ ዳግማዊ ጃይ ሲንግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት፣ ፀሐይንና ከዋክብትን የሚለኩ ትልልቅ የግንብ መሣሪያዎች አሉ። ጎብኚ አይበዛበትም። አለፍ ብሎ ባለው በሲንዲያ ጋት ደግሞ ያዘመመ ቤተ መቅደስ ያያሉ። እዚያ የነበረው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ግንባታ ከክብደቱ የተነሳ መሬቱ ከድቶት ሰጥሟል፤ ደረጃው በኋላ እንደ አዲስ ተሠራ።

ጉዞውን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ያድርጉት። በክረምት ታችኞቹ እርከኖች ስለሚሰምጡ ከአንዱ ጋት ወደ ሌላው በወንዙ ዳር መሻገር አይቻልም፤ ውሃው ሲበዛም ጀልባ ይከለከላል።