ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጨረስ ዛሬ ምን ማለት ነው?

«ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሷል» መባል በአንድ ወቅት ለመላው ቤተሰብ ክብር ነበር። ዛሬ ግን ከየአጥቢያው የምንሰማው «ተምሮስ ምን ሊሆን?» የሚል ነው።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። ዕውቀት በአንድ ዓመት ተንኖ አልጠፋም፤ ቀድሞ በኩረጃና በፈተና ስርቆት ተሸፍኖ የኖረው ተገለጠ እንጂ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። የፊዚክስ መምህር ሳያገኝ፣ ቤተ ሙከራ ሳያይ ለፈተና የቀረበውን ልጅ ብቻውን «ሰነፍ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስቡን ግን ይህን አይተው ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ለማቋረጥ፣ ብዙዎቹም ወደ ዓረብ አገር ለመሰደድ የሚሰናዱት ናቸው። በዚህ ጊዜ የንስሐ አባት ቃል በቤት ውስጥ ይሰማል። ሃምሳ በመቶ ያላመጣ ሁሉ መንገዱ እንዳልተዘጋበት፣ ትምህርት ሚኒስቴር የሚወስነውን ነጥብ ያገኘ በማካካሻ ትምህርት (ሪሚዲያል) ዳግም እንደሚፈተን፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም የውድቀት መጠለያ እንዳልሆነ ካህናት ለወላጆች ቢያስረዱ ብዙ ልጆች ይተርፋሉ።

የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ ደግሞ ከምክር ይልቃል። የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሾች በሥራ ቀናት ምሽት ባዶ ናቸው፤ መብራት፣ ወንበርና ከአጥቢያው ምእመናን መካከል ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና አንድ መምህር ካገኙ ለጥናት ይበቃሉ። መስከረም ሳያልቅም የጉባኤው ተወካይ ወደ ትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ሄዶ በየትኛው ትምህርት መምህር እንደ ጎደለ ይጠይቅ።